የላቀው ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥን

ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ከመቁረጫው በላይ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች። የመጣ ደንበኛ ሁሉ ይጠይቀኛል። «ሙጂብ፣ ይህች የምን ቁልፍ ናት?» ይለኛል። «የምንም» እላለሁ። እውነቴን ነው። የምትገባበት ጓጉንቸር ዛሬም አለ፤ ጓጉንቸሩ ቢከፈት ግን የሚከፈት ነገር የለም። «ታዲያ ለምን አትጥላትም?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ስለ ቁልፌ ምን አገባው! ልክህን ስጥ፣ ቀብድህን ክፈል፣ ሂድ።

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ደባርቅ ገብታችሁ «ያ ነገረኛው በያጅ» ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። አባቴ ሸማኔ ነበር። እኔ ክርና መወርወሪያ አልሆነልኝም፤ ጎንደር ወርጄ ብየዳ ተምሬ መጣሁ። የዚህ ከተማ ግማሹ በርና መስኮት የእጄ ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ከሠራሁት ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አንድ ሣጥን ነው።

ሣጥኑን ያሠራኝ ላቀው ነው። ከደባርቅ ወደ ዳባት ስትሄዱ፣ ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት ገባ ብላ ያለች መንደር አለች፤ የዚያ ሰው ነው። ገብስ ያርሳል፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የፈረንጅ ጓዝ በበቅሎ ጭኖ የሰሜን ተራራ ሰፈሩ ድረስ፣ ሳንቃ በር ያደርሳል። ረጅም፣ ትከሻው የወደቀ፣ ቃል የሚሰስት ሰው ነው። ሲሄድ በየጥቂት እርምጃው ዘወር እያለ ኋላውን ያያል። በቅሎዋን ነው የሚያየው እንል ነበር። ኋላ ላይ ልብ ስል በቅሎ ሳይኖረውም ያያል።

ላቀው በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን አውራ ጎዳናውን ሸሽቶ፣ በበየዳ በኩል በእግሩ ዞሮ፣ አንድ ክላሽ በጋቢ ጠቅልሎ መንደሩ ገባ። ጠመንጃዋ የሱ አልነበረችም፤ የጎረቤቱ ልጅ የቢራራ ናት። አብረው ዘምተው አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። «ቢራራ እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው፤ እሷን አደራ ብሎኛል» አለ። መንደሩ አለቀሰ፣ አመነ፣ አከበረው። የቢራራ እናት ግን ሬሳ ሳላይ ተዝካር አላወጣም አለች። መነኮሰች፣ እማሆይ ተባለች፣ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ላቀውም ጠመንጃዋን ራስጌው ሰቅሎ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረ።

በሁለት ሺህ አንድ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ሱቄ መጣ።

«ሣጥን እፈልጋለሁ» አለኝ።

«የልብስ ነው የእህል?»

«የጠመንጃ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በኛ አገር ጠመንጃ ወይ ምሰሶ ላይ ነው ወይ ትከሻ ላይ ነው። ጠመንጃውን የሚቆልፍ ሰው አይቼ አላውቅም። «ምነው አያ ላቀው፣ ልትድራት ነው እንዴ ጓዟን የምታሰናዳላት?» አልኩት። አልሳቀም። ከጎንደር የመጣ ወፍራም የእንጨት ሣጥን ነበረኝ፣ እሱን አሳየሁት። በጣቱ መታ መታ አደረገና «በመጥረቢያ ስንት ምት ይፈጃል?» አለኝ።

«ላንተ ክንድ ሁለት» አልኩት እየቀለድኩ። አመስግኖ ወጣ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ መጣ። ያኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያነሳሁት አረንጓዴ የፋይል ቁም ሣጥን ነበረኝ። ቆርቆሮው ያምራል፣ ቁልፉ ይሠራል። ላቀው የበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ሳብ አደረገው። ቆርቆሮው እንደ ቂጣ ታጠፈ። «ይህ በእጅ ይከፈታል» አለና የታጠፈውን መልሶ ሊያቀናልኝ ታገለ። እንዴት እንደተናደድኩ! «ተወው! ሥራዬን አታበላሽ!» ብዬ አባረርኩት።

በሦስተኛው ገበያ ደግሞ መጣ። ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ መራጭ አይቼ አላውቅም። ላሜራው ሁለት ሚሊ ይሁን አለ። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ይሁን፤ ውጭ ከሆነ ፒኑን መትቶ ማውጣት ነው አለ። ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር በቡሎን ይታሰር፣ የቡሎኑ ራስ ከውስጥ ይቅር፤ አለዚያ ሰው ሙሉውን ነቅሎ ተሸክሞት ይሄዳል አለ። ጥይቷም እዚያው ትቆለፍ፣ ውጭ አንድም ፍሬ አትቅር አለ።

«አያ ላቀው» አልኩት፣ ትዕግሥቴ አልቆ፣ «ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያይ ሌባ የት አለ? በናንተ መንደር ሌባ ቢገባ ሴቶቹ ናቸው በሙቀጫ ዘነዘና የሚጨርሱት!»

«ሌባ መቼ አልኩህ?»

«ታዲያ ከማን ነው የምትደብቃት?»

«ከኔ» አለ።

የብየዳ መነጽሬን አወለቅሁ። እሱ የሚያየው መሬት መሬት ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። በመስቀል ሰሞን ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከወንዝ ስትመለስ፣ ጠመንጃዋን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘችው። «ምን ታደርጋለህ?» ስትለው «እየሰማኋት ነው» ብሏታል። ማንጠግቦሽ ጠመንጃዋን ከጭኑ አንስታ፣ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ቤት ወሰደቻት። መምሬ የነፍስ አባታቸው ናቸው። ጠመንጃዋ አሁን እሳቸው ዘንድ ናት፤ የቄስ ቤት ግን ሰው ይበዛበታልና የምትቀመጥበት መልካም ቦታ ይፈለግላት ብለዋል።

«ምን ትልሃለች ጠመንጃዋ?» አልኩት።

«በቢራራ ድምፅ ነው የምትናገር። ‹ላቀው፣ ውሃውስ?› ትለኛለች።»

ነገሩ አልገባኝም።

«ሽጣታ!» አልኩት።

«የሰው አደራ ይሸጣል እንዴ?»

«ለእናቱ መልሳታ!»

«ለእናቱ ከመለስኩ እናቱ ትጠይቀኛለች» አለ። ከዚያ እንደ መሳቅ አለና «የሚካኤል ሙዳየ ምጽዋት ስንት ቁልፍ እንዳለው ታውቃለህ?» አለኝ።

እኔ የመስጊድ ልጅ፣ የሙዳየ ምጽዋት ቁልፍ ስንት እንደሆነ ምን አውቄ! እሱ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ያውቃል። «ሦስት ነው» አለ። «ሦስት ሰው ይይዘዋል። ሦስቱ ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። ሰዎቹ ሌቦች ስለሆኑ አይደለም። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያደርገው ስለማይታወቅ ነው። ሣጥኔ እንደሱ ይሁን። አንዱን ማንጠግቦሽ ትያዝ፣ አንዱን መምሬ ይያዙ፣ አንዱን አንተ ያዝ።»

«እኔ? ምን ቤት ነኝ? ለምን ወንድምህ አይዝም?»

«ወንድሜ ያዝንልኛል። አንተ ነገረኛ ነህ፤ አታዝንልኝም።»

ስድብ ይሁን ሙገሳ አልገባኝም። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» አልኩት፣ ነገሩን ላቃልለው ብዬ።

«እሱን ነው የምልህ» አለ። «እኔ ራሴን አላምነውም።»

ሣጥኑን በአሥር ቀን ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅሁበት ሥራ የለም። ሦስት የጓጉንቸር ጆሮ አወጣሁለት፣ ማጠፊያውን ወደ ውስጥ ቀበርኩ። በበቅሎው ጭነን ወሰድነው፤ ግድግዳውን በመሮ ፈልፍለን፣ ቡሎኑን በሲሚንቶ አጠጥተን አሰርነው። መምሬ ጠመንጃዋን ይዘው መጡ። ማንጠግቦሽ አስገባቻት። ሦስታችን በየተራ ቆለፍን፣ ላቀው ውጭ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶናል።

ስጨርስ ደጅ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የነገረኝ። ቢራራ እቅፉ ውስጥ አልሞተም። ከዛሪማ በታች ቆላው ላይ እግሩን ተመታ፤ ላቀው ተሸክሞት ግማሽ ቀን ሄደ። ጠመንጃዋን ተቀበለው፣ እንዲቀለው። ከዚያ አንድ ግራር ሥር አስቀመጠውና «ውሃ ላምጣልህ» አለው። ወንዙ ሩቅ አልነበረም። ወንዙ ዘንድ ደረሰ፣ ራሱ ጠጣ፣ ኮዳውን ሞላ። ኋላው ተኩስ ሰማ። ቆመ። ከዚያ ወደ ግራሩ አልተመለሰም፤ ወንዙን ተሻገረ። «ጠራኝ» አለኝ ላቀው። «ሁለቴ ጠራኝ። እየሰማሁት ሄድኩ። ኮዳው ሙሉ ነበር።»

«አብሽር» አልኩት። ቁልፏን ኪሴ ከትቼ ወደ ከተማ ስመለስ ዘወር እያልኩ ኋላዬን አያለሁ። አያችሁ ጉድ፣ ይጋባል።

ሁለት ዓመት ደህና ሆነ። ስምምነታችን በዓመት አንድ ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሦስታችን ተሰብስበን ሣጥኑን ልንከፍት፣ ጠመንጃዋን ዘይት ልናስነካ፣ መልሰን ልንቆልፍ ነበር። ላቀው ያን ቀን በቅሎውን ይዞ ወደ መስኩ ይወርዳል። ማንጠግቦሽ ለመምሬ የፍስክ ወጥ ታቀርባለች፤ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ስለማልበላ ለኔ ብቻ ማርና ትኩስ የገብስ ቂጣ ታዘጋጃለች። መምሬ ማሩን እያዩ «አንተ እስላም ምነው ክርስቲያን ሆኜ ቢሆን አትልም፣ እኔ ግን ማርህን ሳይ ልሰልም ይቃጣኛል» ይሉኝ ነበር። እንስቃለን። ማንጠግቦሽም ትስቃለች። ላቀው ወፍሮ ነበር። በቅሎዋን ሲጭን ማንጎራጎር ጀምሯል ብላ ነገረችኝ። እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

በሁለት ሺህ ሦስት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እማሆይ ታመመችና ልቧ ተሸነፈ። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ሬሳ እንደማይመጣ አመነች። የቢራራን ተዝካር ላወጣ ነው አለች። ላቀውን አስጠርታ «ልጄ፣ ሬሳ የለኝም። ያቺን ጠመንጃውን አምጣልኝና እሷን አይቼ ላልቅስ» አለችው። በኛ አገር የሟች ጠመንጃ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ እናት አስወጡልኝ ብላ ስትለምን ማን አይሆንም ይላል?

የተዝካሩ ዕለት የገበያ ቀን ነበር። ማለዳ ላቀው ሱቄ በር ላይ ቆመ። ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። እኔ የአንድ ሆቴል የውጭ በር ይዣለሁ፤ ባለቤቱ ራሴ ላይ ቆሞ ይጨቀጭቀኛል።

«ቁልፏን ስጠኝ» አለኝ ላቀው። «ለቢራራ ተዝካር ነው።»

«መምሬስ?»

«ሰጡኝ።»

«ማንጠግቦሽስ?»

«ሰጠችኝ።» መዳፉን ዘረጋ፤ ሁለቱ ቁልፎች አሉ።

ሦስታችን ሳንሰበሰብ እንዳይከፈት ተማምለን ነበር። እኔ ግን ምን አሰብኩ? መምሬ ነፍሱን ያውቃሉ። ሚስቱ ትንፋሹን ታውቃለች። እነሱ ካመኑት እኔ በያጁ ማን ነኝና እናት በምታለቅስበት ቀን ቁልፍ የምከለክል? ደግሞ ሰውየው ራሴ ላይ «በሬስ! በሬስ!» ይላል። ቁልፏን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠሁት።

ተቀበለና አልሄደም። «አትመጣም?» አለኝ።

«ሥራ ይዣለሁ፣ አያ ላቀው። አታይም?»

«አትመጣም?» አለ ደግሞ።

«ማታ እደርሳለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። መነጽሬን አጠለቅሁ። ቀና ስል ሄዷል።

እኩለ ቀን ላይ መምሬ ሀብተ ሚካኤል ሱቄ ገቡ። እያለከለኩ ነው። «ላቀው አንተ ዘንድ አለ?» አሉኝ።

«ተዝካሩ ላይ አይደለም እንዴ?»

«አልመጣም። እማሆይ በሩን እያየች ነው። ቁልፉን ሰጠኸው?»

«እርስዎ ሰጥተውት የለ!»

«እኔማ ሁለታችሁ አላችሁ ብዬ ነው!» አሉ። «እኔ እሺ ብለው፣ ማንጠግቦሽ አትሰጠውም፤ እሷ ብትሰጠው፣ ያ ነገረኛ አይሰጠውም ብዬ!»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እኛ ሦስት ተክለን ሁላችንም በሌላው ላይ ተንጠለጠልን። በገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ አላውቅም፤ ያን ቀን መዝጋቴንም አላስታውስም። ሮጥን። መንደሩ ስንደርስ ማንጠግቦሽ ከተዝካሩ ቤት ወጥታ እየመጣች ነው፤ ፊታችንን ስታይ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ሙጂብ፣ አንተ አልሰጠኸውም አይደል?» አለችኝ። ያ ረቢ! ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ቤታቸው ገባን። ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሦስቱ ጓጉንቸሮች ቁልፋቸው እንደተሰካ ወለሉ ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል።

ከመንደሩ በላይ፣ የገብሱ ማሳ የሚያልቅበት፣ ገደል አለ። ከዚያ ቆላው ሁሉ ይታያል፤ የዛሪማ ወገን ከሩቅ ጭጋግ ሆኖ ይታያል። እዚያ አገኘነው። ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጧል፣ ጠመንጃዋ ጭኑ ላይ ናት። እኛን ሲያይ አልተነሳም። አሥር እርምጃ ሲቀረን ቆምን።

«ውሃ ይዛችኋል?» አለን።

አንዳችንም አልያዝንም።

«አይ» አለ። «ከማለዳ ጀምሬ ጠምቶኛል።» ከዚያ አንድ በአንድ አየን። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ ነበር። «ሦስት ደጅ ዞርኩ» አለ። «አንዱ ሰው ‹እምቢ› ይለኛል፣ እኔም እመለሳለሁ ብዬ ዞርኩ። መምሬ ሰጡኝ። ማንጠግቦሽ ሰጠችኝ። ያንተ በር ላይ ስደርስ፣ ሙጂብ፣ ‹ይህ ነገረኛስ እምቢ ይለኛል› አልኩ። አንተም ሰጠኸኝ።»

መምሬ መሬት ላይ ተንበርክከው አለቀሱ። ወደሱ የሄደችው ማንጠግቦሽ ናት። ሄዳ አጠገቡ ገደሉ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን እንደሱ አንጠልጥላ። «እምቢ» አለችው። «አሁን እምቢ ብያለሁ። ዘገየሁ፣ ግን እምቢ።» ከዚያ ጠመንጃዋን ከጭኑ አነሳች፣ ጥይቱን አውጥታ አንድ አንድ እያለች ገደሉ ውስጥ ጣለች። ሲወድቅ አይሰማም።

ከዚያ ላቀው በቀጥታ ወደ እማሆይ ወረደ፤ እኛ ኋላው። ተዝካርተኛው ተበትኗል። ጠመንጃዋን እግሯ ሥር አጋድሞ፣ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ግራሩንም ወንዙንም ኮዳውንም ነገራት። አንድም ነገር አልደበቀም። እማሆይ አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ አፈሙዙን ዳሰሰች፣ የልጇን ፀጉር እንደምትዳስስ። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ሃያ ዓመት በእቅፍህ ሞተ ብዬ ተጽናናሁ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታህ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ፣ መነኩሴ ነኝ። ጠመንጃዋን ግን አልወስድም። የወሰዳት ይጠብቃት። አትሸጣትም፣ አትሰጣትም፣ አትጥላትም። እኔ ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አንተም ጠብቅ።»

ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ቢፈርድበት ከዚህ ይቀል ነበር።

በማግስቱ ጄኔሬተሬን በበቅሎው ጭነን ወሰድን። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ገብሱ ውስጥ ገባች። ጠመንጃዋን ሣጥኑ ውስጥ አስገባን፣ ሦስቱን ጓጉንቸር ቆለፍን። ከዚያ የበሩን ዙሪያ፣ አራቱንም ጎን፣ በብየዳ ዘጋሁት። አንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ ጨረስኩበት። ላቀው ከጎኔ ቆሞ እሳቱን በባዶ ዓይኑ ያያል፤ ዞር በል ብለው አይሰማም። ሲያልቅ መዳፉን የጋለው ብረት ላይ አሳረፈ። «አሁን ብትጠራኝም አልደርስላትም» አለ።

«ትጠራሃለች?» አልኩት።

«ትጠራኛለች። ግን በሩቁ ነው።»

እሱን ቢራራ ይጠራዋል። እኔን የሚጠራኝ ላቀው ነው። ብረት ስቆርጥ፣ መቁረጫው ጩኸቱን ሲያቆም፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ «አትመጣም?» ይለኛል። ስንቴ በሩን ዞሬ አይቻለሁ። ሚስቴ ሰልማ ሱቁ ስትመጣ «ማንን ነው የምትጠብቅ?» ትለኛለች። ለሷ እንኳ እንዲህ ነው ብዬ አላስረዳኋትም። ሰው የሞተ እንደሆነ ይቀበራል፣ ይረሳል። ያልሞተ ሰው፣ ልትገድለው የነበረ ሰው፣ የት ይቀበራል?

ስድስት ዓመት አለፈ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል አረፉ። በሁለት ሺህ ዘጠኝ እማሆይም አረፈች። የቀብሯ ዕለት ረፋድ ላይ ላቀው ሱቄ መጣ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፤ ማንጠግቦሽ ከኋላ አቀርቅራ ቆማለች። ነጭ ጋቢ ለብሷል። ጢሙን ተላጭቷል። ጋቢውን ሳይ ያ የተዝካሩ ማለዳ ታወሰኝ።

«እማሆይ አረፈች» አለኝ። «ቃሏ ከሷ ጋር አለቀ። መቁረጫህን ይዘህ ና። ጠመንጃዋን ቀብሯ ላይ አውጥቼ ከሷ ጋር እገላገላለሁ።»

ትክክል ነው። ማንም ሰው ሰምቶ ትክክል ነው ይላል። ጥይትም ደግሞ ገበያ ላይ አይጠፋም፣ ያን ሰሞንማ ሰው ሁሉ ይገዛ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን?»

«እምቢ። አልቆርጥም።»

አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ አንተ ሰው፣ ለቀብር እኮ ነው!» አለኝ።

«ያን ጊዜም ለተዝካር ነበር እኮ!» አልኩ።

ላቀው ፊቱ ጠቆረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የኔን ሣጥን፣ የኔን ቤት፣ የኔን አደራ! አንተ ማን ነህ?» አለ። «እስላም ስለኛ ለቅሶ ምን ያውቃል!» ይህችን ሲል ሽማግሌዎቹ እንኳ አፈሩ። እኔ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ልጅ የሚሰድበኝ መሰለኝ፤ አመመኝ፣ ግን አልተቀየምኩም።

«አታዝንልኝም ብለህ ነው የሰጠኸኝ!» አልኩት እየጮህኩ። «አላዝንልህም! ሂድ! ሰባት ሽማግሌ አምጣ፣ ጳጳስ አምጣ፣ አላዝንልህም!» እንባዬ ጉንጬ ላይ ካለው ጥላሸት ጋር እየወረደ ነው። እንዲህ እያልኩ አለቅሳለሁ፤ የሚያዝን ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?

ምራቁን መሬት ላይ ተፋና ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። ማንጠግቦሽ ትንሽ ወደኋላ ቀረች። የቆሸሸ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ከንፈሯ ጥቁር ሆኖ ሄደች። ማርና የገብስ ቂጣ በሳምንቱ ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ላከችልኝ።

ላቀው ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ለሰው «ሙጂብ ክፉ ነው» ይላል አሉ። ይበል። ገበያ በመጣ ቁጥር በቅሎውን እየሳበ በሱቄ ፊት ያልፋል። ሰላም አይለኝም፤ ጭራሽ ወደኔ ዞር አይልም። እኔም ሥራ የያዝኩ መስዬ ከመነጽሬ ሥር አየዋለሁ። ሽበቱ በዝቷል። አሁንም በየጥቂት እርምጃው ኋላውን ያያል።

መጀመሪያ ሰሞን ወዳጄን አጣሁ ብዬ አዘንኩ፤ ሰልማም «አፍህ አሳጣህ» አለችኝ። አንድ ቀን ግን ብረት እየለካሁ አንድ ነገር ታወሰኝና ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ያን ሣጥን ስሠራ ደባርቅ ውስጥ በያጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ስድስት ነን። መንገዱ ላይ ከሱቄ በላይ ሦስት፣ ከሱቄ በታች ሁለት፣ ሁሉም መቁረጫ አላቸው፤ ሁሉም ገንዘቡን ተቀብለው ያን ብየዳ በግማሽ ሰዓት ይቆርጡታል፣ የምን ሣጥን ነው ብለውም አይጠይቁ። ላቀው የቀብሩ ዕለት ሦስቱን አልፎ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። ከኔ ሲወጣም ወደ ታች ወደ ሁለቱ አልሄደም። እስከ ዛሬም አልሄደም።

ዛሬም ገበያ ነው። ቅድም አለፈ፣ በቃሬዛ ሳይሆን በእግሩ።